ያልኖሩት ፊታውራሪ ለቅሶ

ደብሪቱ ደግነት ሲበዛባት የምትደነግጥ ሴት ነበረች። ሰው ቢሰድባት ዘና ብላ ትመልሳለች፤ ሲያባብላት ግን «ይኸ ሰው ምን ደብቆኝ ይሆን?» ማለት ትጀምራለች። የአዘዞ ሰው ይህን ጠባይዋን ክፋት ይለው ነበር። ይበል፤ የአዘዞ ሰው የማይለው ነገር የለም። እውነቱን ለመናገር ጥርጣሬውን ያስተማራት ሙያዋ ነው። ደብሪቱ አስለቃሽ ነበረች።

በዚያ አገር ሬሳውን ለመቅበር ቄስ ይበቃል፤ ሟቹ ማን እንደነበረ ለመናገር ግን አስለቃሽ ያስፈልጋል። ለቅሶ ሜዳው መካከል ቆማ ሙሾ ታወርዳለች፣ ሴቶቹ ደረታቸውን እየደቁ ይቀበሏታል፣ የሟቹ ስም ከነሙያው ከነዘሩ ይነሣል። ደብሪቱ ይህን ሥራ ከማንም አልተማረችም። ባሏ አዘዘ በጠላት ዘመን በአርበኝነት ወጥቶ ሬሳው በቃሬዛ ሲመለስ፣ ከአፏ የወጣውን ግጥም የሰማ ሁሉ ሐዘኑን ትቶ እሷን አየ። ከዚያ ወዲህ ከጠዳ እስከ ጎንደር ከተማ ድረስ ሰው በሞተ ቁጥር «ደብሪቱን ጥሩ» ሆነ። እህል ከሰጣትም ካልሰጣትም ሰው ለቅሶ አልቀረችም።

ሆኖም ከለቅሶው ይልቅ ሰው እንዳታምን ያደረጋት መርዶው ነው። ሰው በሩቅ አገር ሲሞት ለእናቱ እንዲያው በድንገት አይነገራትም። ዘመድ እስኪሰበሰብ ነገሩ ይደበቃል። እስከዚያ ድረስ ምስኪኗ ትወደዳለች፤ የተጣላት ይታረቃታል፣ ያልጠየቃት ይጠይቃታል። ከዚያ በአንዱ ማለዳ ሰው ሁሉ አንዳች ሰበብ ይዞ ደጇን ይሞላዋል። ደብሪቱ ራሷ «በሬ ጠፍቶብን ስንፈልግ ነው የመጣን» እያለች የስንቷን እናት ደጅ ረግጣለች። የማታለሉን ጥበብ እንደ ቤቷ ደጃፍ ታውቀዋለች።

ውድነህ የሚባል አንድ ልጅ ነበራት። ወታደር ሆኖ የኮንጎ ዘመቻ ሲመጣ ዘመተ። ኮንጎ የት እንደሆነ ብትጠይቅ «ከሱዳን ወዲያ» አሏት፤ ከሱዳን ወዲያ ደግሞ አገር መኖሩ ገረማት። ከዘመቻ የሚመለስ ወታደር ሁሉ ሰላምታ ያመጣላት ነበር። ከክረምቱ ወዲህ ግን ሰላምታው ጠፋ።

በጥቅምት ወር አዘዞ ድንገት ደግ ሆነ። መጀመሪያ የመጣችው ይመኙሽ ናት። ይመኙሽ የአጥር ጎረቤቷ ስትሆን በዶሮ ምክንያት ተጣልተው ክረምቱን ሙሉ ተኳርፈው ከርመዋል። ያቺው ይመኙሽ አንድ ቀን ገንቦ ጠላ ተሸክማ መጣችና «ይቅር እንባባል፤ የዶሮ ነገር ምን አላት» አለች። ደብሪቱ ጠላውን ቀምሳ «ሸጋ ነው» አለች፤ ሆዷ ግን ጠላውን አልወደደውም።

ቀጥሎ አያ ቢያዝን ነው። አያ ቢያዝን የሰፈሩ ሽማግሌ ነው፤ ደብሪቱን ባየ ቁጥር «እኔ ስሞት ምን ብለሽ ታወርጂልኛለሽ? አሁን አሰሚኝና ደስ ብሎኝ ልሙት» እያለ ሲቀልድባት የኖረ ሰው። ቀልዱን ተወ። ባርኔጣውን አንሥቶ «እንደምን ዋልሽ፣ እኅቴ» እያለ ያልፍ ጀመር። ይህ ሰው መቼ ነው እኅቱ ያደረጋት?

ከሁሉ የከፋው ስለ ውድነህ የሚጠይቃት መጥፋቱ ነው። ድሮ «ልጁስ ደህና ነው ወይ?» ሳይላት የሚያልፍ አልነበረም። አሁን ወሬው ወደ ወታደር ጠጋ ባለ ቁጥር ሰው ሁሉ ስለ ጤፉ አያያዝ ማውራት ይጀምራል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። ደብሪቱ ጠርጥራ ብቻ አልቀረችም፤ ወጥመድ አጠመደች።

«ይመኙሽ» አለቻት ባጥሩ ላይ አሻግራ፣ «ውድነህ ለገና ይመጣል አሉኝ። ጠላ ትጠምቂልኛለሽ?»

ይመኙሽ እንጨት እየሰበሰበች ነበር፤ ቀና አላለችም። «እሰይ! ተመጣማ ምነው አልጠምቅ!» አለች።

መልሱ ሸጋ ነበር። ግን ይመኙሽ «ማን ነገረሽ?» አላለችም። የሰው ወሬ ካልሰማች እንጀራ የማይበላላት ሴት፣ ይህን የመሰለ ወሬ ከየት እንደመጣ ሳትጠይቅ ቀረች። ደብሪቱ ቤቷ ገብታ በሩን ዘጋችና ምድጃው አጠገብ ተቀመጠች። እንባዋ ሊመጣ ሲል እሳቱን መቆስቆስ ጀመረች። አስለቃሽ ሳይነገራት ካለቀሰች ሞትን በገዛ አፏ መጥራቷ ነው። «አልተነገረኝም፤ ስላልተነገረኝም አልሞተም» አለች ለራሷ።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ ሦስት ሰዎች ወደ ቤቷ ሲመጡ አየች። ፊት ፊት የሚሄደው ነጋ የሚባል የጎንደር አስተማሪ ነው፤ ክራባት አስሯል። ከኋላው ጠጉሩ ቀይ የሆነ ፈረንጅ፣ ከፈረንጁ ኋላ አያ ቢያዝን ነጭ ለብሶ። የተማረ ሰው፣ የመንግሥት የሚመስል ፈረንጅና ሽማግሌ! በሩን ዘግታ በቀዳዳው «አትግቡ! የምትናገሩትን ተውጭ ቆማችሁ ተናገሩ!» ብላ ጮኸች።

«ደህና ነው እናቴ፣ አይደንግጡ» አለ ነጋ። ይህን ባይል ይሻል ነበር፤ «አይደንግጡ» ሳይባል የተነገረ መርዶ የለም።

«የመጣችሁበትን ተናገር!»

ነጋም ከበሩ ውጭ እንደቆመ ተናገረ። ፈረንጁ ሙሴ ሉዊ ይባላል፣ ፊልም ያነሣል። በአገሩ በየጥቂት ዓመቱ ከዓለም ሁሉ ፊልም ሠሪዎች የሚሰበሰቡበት ፌስቲቫል አለ፤ ሙሴ ሉዊ እዚያ የሚያሳየው የእመት ደብሪቱን ለቅሶ ነው።

«ፌስቲቫል ምንድን ነው?»

«በዓል እንደ ማለት ነው።»

«የማን ታቦት ነው የሚወጣው?»

ነጋ ሳቀ። ታቦት እንደማይወጣ፣ ሰዎቹ በጨለማ አዳራሽ ተቀምጠው ፊልም እንደሚያዩ፣ ፊልሙም ፒያሳ ሲኒማ ቤት እንደሚታየው ተኩስና ጋብቻ ያለበት እንዳልሆነ አስረዳት። አንዱ ውኃ ላይ የሚጫወት ብርሃን ብቻ አንሥቶ ይመጣል፣ አንዱ የእናቱን እጅ። ታሪክ የለውም። ነጋዴም የለበትም፤ እያንዳንዱ ለገዛ ራሱ እንደ ልቡ የሠራውን ያመጣል።

«ሰው እጅ ለማየት ባሕር ይሻገራል?» አለች ደብሪቱ። «በል ሂድ፣ ሌላ ሞኝ ፈልግ።» ከዚያ አፏን ወደ ቀዳዳው አስጠግታ አያ ቢያዝንን ጠራችው። «አያ ቢያዝን፣ አንተ ማልልኝ። ይኸ ፈረንጅ የመጣው ለምንድን ነው?»

አያ ቢያዝን ባርኔጣውን አውልቆ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዞረ። «ተክለ ሃይማኖትን! ይኸ ሰው የመጣው ለፊልም ነው። ሌላ ነገር ይዞ የመጣ እንደሁ ዓይኔን ያጥፋው!»

አያ ቢያዝን ቀልደኛ እንጂ በታቦት የሚዋሽ ሰው አይደለም። ደብሪቱ በሩን ከፈተች። ሙሴ ሉዊ ደጃፏ ላይ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣት፤ በነጋም አስተርጓሚነት፣ ሰው ሳይሞት ለፊልሙ በሚደረገው ለቅሶ ላይ ለሚመጣው ሁሉ በሬ እንደሚያርድ ተናገረ። በሬ! ደብሪቱ ይህን ስትሰማ የዚያ ሁሉ ደግነት ምሥጢር ተፈታላት። የይመኙሽ ጠላ፣ የአያ ቢያዝን ባርኔጣ፣ ለካ ሁሉም ለበሬው ኖሯል! እሷን ካስቀየሙ በሬውም ፊልሙም ይቀርባቸዋልና ነው ያባበሏት። ስለ ውድነህ አለመጠየቃቸውንም እዚያው ጨምራ ፈታችው፤ በሬ ያየ ሰው ወታደር አያስታውስም። ከክረምት ወዲህ ያልሳቀችውን ሳቅ ሳቀች። አያ ቢያዝን አብሯት ሊስቅ ሞከረና ማሳል ጀመረ።

ደስ ስላላት እሺ አለች፤ በሌላ ቀን ቢሆን አትልም ነበር። ያለ ሬሳ ማልቀስ ሟርት ነው። ስለዚህ ጥንቃቄዋን ጀመረች። የሚለቀስለት ሰው በሕይወት ካለም ከሞተም ሰው ጋር በስም እንዳይገጥም አለች። «ፊታውራሪ ወልደኢየሱስ» የሚባሉ ሰው ፈጠረች፤ በአዘዞም በጠዳም እንዲህ የሚባል ፊታውራሪ አለመኖሩን ቄሱን ጭምር ጠየቀች። እኒህ ፊታውራሪ ቆላ ወርደው በአደን የሞቱ፣ ዘር ያልተዉ፣ ርስት የሌላቸው ሰው ናቸው። ቀጥሎ የልብሱ ነገር መጣ። ሬሳው ለሌለ ሟች ልብሱን እንጨት ላይ አልብሰው ያለቅሱለታል፤ ግን ሞኝ ካልሆነ በቀር ለሟች ምስል ልብሱን የሚያውስ ማን ነው? አንድም አልተገኘም። መጨረሻ ላይ ሙሴ ሉዊ ኮቱንና ባርኔጣውን አውልቆ ሰጠ። ደብሪቱ በልቧ አዘነችለት። ማንም ስለ ሟርቱ እንዳይነግረው ነጋን በዓይኗ ጠቀሰችው።

አንድ ነገር ብቻ ከነከናት። ለቅሶው በማለዳ ይሁን አሉ። መርዶ የሚነገረው በማለዳ ነው።

«ምነው በማለዳ?»

«ሙሴ የጠዋት ብርሃን ሸጋ ነው ይላል» አለ ነጋ።

እባብ ያየ በልጥ በረየ ብላ ራሷን ገሠጸች።

በቀጠሮው ማለዳ ሰው ሜዳውን ሞልቶት አገኘች። ከጠዳ የመጡ አሉ፣ ከጦር ሰፈሩ የመጡ ወታደሮች አሉ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ለሐዘን አዘቅዝቀው ለብሰዋል። ከሁሉ ይልቅ የገረማት የወንድሟ የፋንታሁን መምጣት ነው። ፋንታሁን ሩቅ ጭልጋ የሚኖር አራሽ ነው፤ ባሏ አዘዘ የሞተ ጊዜ እንኳ ወንዝ ሞልቶበት ዘግይቶ የደረሰ ሰው።

«አንተ ደግሞ ምን አመጣህ?»

«በሬ ይታረዳል ሲሉ ሰማሁ» አለ ፋንታሁን መሬት መሬት እያየ።

«ጭልጋ ድረስ ሸተተህ?» ብላ ሳቀችበት። ሳቋ ግን አልረዘመም።

ሙሴ ሉዊ የፊልም ማንሻ ማኪናውን በባለ ሦስት እግሩ እንጨት ላይ አቁሞ እጁን አነሣ። ደብሪቱ ወደ መካከል ገባች። እንጨት ላይ የተሰቀለውን የፈረንጅ ኮት ስታየው ሳቋ መጣና በነጠላዋ አፏን ያዘች። ከዚያ ጀመረች።

«ደጃፉ ላይ ቆሜ ብጠራው ብጠራው፤
መልስም አልሰጥ አለኝ፣ ምን ይሆን ወይ ሥራው?»

ሴቶቹ ተቀበሏት፣ ደረት ተደቃ። ነገሩ ቀላል ሆነላት። እንደዚያ ያለ ለቅሶ አልቅሳ አታውቅም፤ ሆዷ ውስጥ ሐዘን የለም፣ ግጥሙ ግን እንደ ምንጭ ይወርዳል። ልጇ በሕይወት አለ፣ ሰዉ የመጣው ለበሬ ነው፣ ድምፅዋ ደግሞ ባሕር ሊሻገር ነው። የፊታውራሪውን ጀግንነት፣ ቸርነታቸውን፣ የገደሉትን አንበሳ አከታትላ አወረደች። እንዲያውም ወደደቻቸው። ምነው እንዲህ ያለ ሰው በእውነት በኖረ አለች በልቧ። ወደ አሟሟታቸው ስትደርስ ቆላ ወርደው ብቻቸውን መሞታቸውን አሰበችና እንዲህ አለች፦

«ከሰው አገር ወድቆ ሰው አገር ቀበረው፤
እናቱ ሳትሰማ ማን ሰምቶ ነገረው?»

ተቀባይ ጠፋ። ሴቶቹ ግጥሙን መመለስ ሲገባቸው በአንድ ጊዜ ጮኹ። ይመኙሽ መሬት ላይ ወደቀች፤ ፊቷን መቧጨር ጀመረች። ደብሪቱ ዙሪያውን አየች። ብዙ ለቅሶ አይታለች፤ ሰው ሲያለቅስ ዓይኑ የት እንደሚያርፍ ታውቃለች። የፈረንጅ ማኪና በቆመበት ሜዳ ላይ አንድ ሰው እንኳ ማኪናውን አያይም። ኮቱንም የሚያይ የለም። ሁሉም እሷን ያያሉ። ወታደሮቹም እሷን ያያሉ፣ የጠዳ ሰዎችም እሷን ያያሉ። በለቅሶ ላይ እንዲህ የሚታየው ባለ ሐዘኑ ነው።

አንድ ሰው ብቻ አያያትም፤ ፋንታሁን አንገቱን ደፍቷል።

ደብሪቱ ሙሾውን አቋረጠች። ጩኸቱም ተቆረጠ። የሙሴ ሉዊ ማኪና ብቻ ይንሾካሾካል።

«መቼ ነው?» አለች።

አያ ቢያዝን ከሕዝቡ መካከል ወጣ። ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞታል። «በነሐሴ ነው፣ እኅቴ። አብሮት የነበረ ወታደር ነው የነገረን። ወንድምሽ እስኪመጣ ብለን ያዝነው። አንቺን በምን ሰበብ ሰው መካከል እናምጣሽ ብለን ስንጨነቅ ይኸ ፈረንጅ ሰው ሰብስቡልኝ ብሎ መጣ። እግዜር የላከው መሰለኝ።»

«ተክለ ሃይማኖትን ምለህልኝ!»

«አልዋሸሁም፤ እሱ ለፊልም ነው የመጣው። ለምን እንዳመጣሁት አልጠየቅሽኝም።» ሽማግሌው ይህን ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ነጋ ምንም አያውቅም ነበር። ፊቱ አመድ መስሎ ሙሴ ሉዊን በእጁ ጎተተው። ሙሴ ሉዊ ግን የሚሉት አልገባውም፤ እንዲህ ያለ ፊት በዕድሜው አላየምና ዓይኑን ከማኪናው ላይ አላነሣም። እንዲያውም እንድትቀጥል በእጁ ምልክት ሰጣት።

ደብሪቱ ወደ እሱ ሄደች። የምትመታው መስሏቸው ሰዎች ተከተሏት። እሷ ግን ነጠላዋን ከራሷ ላይ ገፈፈችና በማኪናው ላይ አለበሰችው፤ ዙሪያውን ጠቅልላ አሰረችው። «ያንን ሰጠሁህ» አለችው በአማርኛ፣ «ይኸኛው የኔ ነው።»

ከዚያ በባዶ ራሷ ወደ መካከል ተመልሳ ልጇን ጠራችው። ግጥም አልመጣላትም። ለስንቱ ያወረደችው አፍ ለውድነህ አንድ ቤት መግጠም አቃተው፤ ስሙን ብቻ ደጋግማ ጠራች፣ እስኪዘጋት ድረስ። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ እንባው አልገደደም፣ ግጥሙ ነው የገደደ። የአዘዞ ሰው ከዚያ የበለጠ ለቅሶ አላየሁም ይላል። እሷ ግን በሕይወቷ ያላማረ ለቅሶ ያለቀሰችው ያን ቀን ብቻ እንደሆነ ታምን ነበር።

ከዚያ በኋላ ለማንም አላለቀሰችም። «ደብሪቱን ጥሩ» ሲባል አመመኝ ትላለች። ሰው ቢያዝንባትም ግድ አልሰጣትም። ይመኙሽ ጠላ ማምጣቷን አላቋረጠችም፤ ደብሪቱም እየተቀበለች ትጠጣለች፣ ከእንግዲህ ከደግ ሰው የምትፈራው ነገር የለምና።

ዓመቱ ሲዞር ነጋ መጣ። ደጃፉ ላይ ቆሞ እንደ በደለኛ እጁን ያሻሻል፤ ግባ ሳይባልም አልገባም። «ግባ፣ አንተ ምን አደረግህ» አለችው። ገባና ሙሴ ሉዊ የላከላትን ወሬ ነገራት። ፊልሙ በዚያ ፌስቲቫል ላይ ታይቷል። ከብዙ አገር የመጣ ሰው አዳራሹን ሞልቶት ነበር፤ ቋንቋውን የሚያውቅ አንድም አልነበረም፣ ግን ትንፋሽ ሳይሰማ ጨረሱት። መጨረሻው ላይ ነጭ ይሆናል፣ ሌላ ምንም አይታይም፤ ስለዚያ ነጭ ነገር ብዙ ተከራከሩበት። ብዙ ሰው አለቀሰ። አንዲት ሴት ደግሞ ተነሥታ ፊታውራሪ ወልደኢየሱስ ማን እንደነበሩ ጠየቀች።

«ስማቸውን ያዙት?» አለች ደብሪቱ።

«ያዙት እንጂ። ፊልሙ ላይ ተጽፏል።»

ደብሪቱ ግንባሯን ቋጠረች። ነጋ በሐዘኗ ላይ ፊልም ስለተነሣባት የተቆጣች መስሎት ሙሴ ሉዊ ይቅርታ እንደጠየቃት ነገራት።

«የልጄን ስም ስጠራ አይሰማም?»

ማኪናው ሲሸፈን ሙሴ ሉዊ ምስልም ድምፅም ማንሣቱን ትቶ ነበር። «አይሰማም፣ እናቴ» አለ ነጋ።

ደብሪቱ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከዚያ ማለዳ ወዲህ አንድ ጊዜ እንኳ በሰው ፊት ያላለቀሰች ሴት ነበረች፤ አሁን ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር።

«የዓለም ሰው ሁሉ ተሰብስቦልኝ» አለች፣ «ላልተወለደ ሰው አስለቀስሁት። ልጄን በገዛ እጄ ሸፈንሁት።»